እግሩ ውኃ፣ ራሱ አየር

ቆይ! አትድፈቂው። ያን ቀርከሃ መሳይ ነገር ከነቅጠሉ ልታሰምጪው ነው? አውጪው የኔ እናት፣ አውጪው። ጨርቅ ላይ አስተኚውና መጀመሪያ እንነጋገር። ከኋላሽ የቆምኩት ልቆጣጠርሽ አይደለም፤ ቡናው እስኪፈላ ብዬ ነው። ግን አየሁሽና ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ ይህንኑ ስሠራ ከኋላዬ የቆመ ሰው አልነበረም፤ ያስከፈለኝን ኋላ እነግርሻለሁ።

የልብሽን አውቃለሁ። መስታወቱ ውስጥ ዓሣ ሲዋኝ፣ ከላይ ለምለም ሐረግ ወደ መስኮቱ ሲሳብ፣ ከታች ነጭ ሥር እንደ ጥጥ ፈትል ተዘርግቶ ማየት ነው ያማረሽ። ጎንደር አራዳ ያለው ግቢያችን ደግሞ ዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው፤ አንድ ችግኝ የሚቀበል እፍኝ አፈር የለንም። እማዬ «ዓሣ የሚበላ እንጂ የሚታይ ነው?» ብላ የበኩሏን ጨርሳለች። እኔ ግን ካንቺ ጋር ነኝ። የቤት ተክል በዓሣ ገንዳ ይበቅላል፤ እንዲያውም ከአፈር ይልቅ ገንዳ የሚስማማው አለ። ሕጉ አንድ ነው፦ እግሩ ውኃ ውስጥ፣ ራሱ አየር ላይ። ይቺን ከያዝሽ ሌላው ይደረስበታል።

ጎርጎራ የወረድን ጊዜ ጣና ዳር ያየነውን ደንገል አስታውሺ፤ ታንኳ የሚሠሩበትን። ሥሩ ጭቃና ውኃ ውስጥ ነው፣ አረንጓዴ ጎፈሬው ግን ነፋስ ላይ ነው። የፋሲል መዋኛ ዛፎችንም አስቢያቸው። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ ገብቶበት ወጣቶቹ ሲዘሉበት እኛ እነሱን ስናይ፣ አባባ ዛፎቹን ነበር የሚያሳየን። ሥራቸው የቅጥሩን ድንጋይ እንደ ሽማግሌ እጅ ጨብጦ ይዞታል፤ ቅጠላቸው ግን ከሰዉም ከግንቡም በላይ ነው። ያንቺም ገንዳ ትንሽ የፋሲል መዋኛ ነው። ወጣቱ ይዝለልበት፤ ዛፉ ግን ዳር ይቁም።

ለምን አይሰምጥም ካልሽኝ፣ አየር ላይ ያደገ ቅጠል ፀሐይ እንዳያደርቀው ሰም የተቀባ ነው። በሰሙ መካከል በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ምግቡን የሚሠራበትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚስበው በእነሱ ነው። ይህ ጋዝ በውኃ ውስጥ ሲጓዝ በአየር ውስጥ ከሚጓዘው 10,000 ጊዜ ያህል ይዘገያል። ቅጠሉን ስታሰምጪው እንግዲህ አፍና አፍንጫውን አፈንሽው ማለት ነው። ክፋቱ ደግሞ ቶሎ አይሞትም። ሁለት ሦስት ሳምንት ለምለም መስሎ ይቆያል፤ አንቺም «ይኸው ተስማማው» ትያለሽ። ከዚያ ከግርጌው ይላላል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ይበሰብሳል። ብስባሹ ደግሞ ዓሣሽ የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይሻማል። ተፈጥሮው ውኃ ውስጥ የሆነ ተክል አለ፣ እሱ ሌላ ነው። ሳሎን ውስጥ በማሰሮ የኖረው ግን፣ ሻጩ ምንም ቢምልልሽ፣ ዋናተኛ አይደለም።

በይ አሁን የትኛውን እንደምትመርጪ ልንገርሽ። የመጀመሪያዋ በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ የምትሳበው ሐረግ ናት፤ ቅጠሏ ልብ የሚመስል፣ ቢጫ የተረጨባት፣ መኒ ፕላንት የሚሏት። አገሯ ሞኦሬአ የምትባል የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት ናት፤ ዛሬ ግን ያልገባችበት ቤት የለም። ውኃ ውስጥ ዓመታት ትኖራለች፣ ሥር ታበዛለች፣ በልታ አትጠግብም። ለጀማሪ ከእሷ የሚሻል አላውቅም። ሁለተኛው ይኸው ጨርቁ ላይ ያስተኛሽው ነው። ቀርከሃ ይሉታል እንጂ ቀርከሃ አይደለም፤ ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣ ድራሴና የሚባል ተክል ነው። ሥሩና የግንዱ ጫፍ ብቻ ከነካ ይበቃዋል። ነጭ አበባዋን እንደ ማንኪያ የምትዘረጋው ፒስ ሊሊም ትሆናለች። ቀጭን ቅጠሏ ላይ ነጭ መስመር ያላት፣ ልጆቿን በገመድ የምታንጠለጥለዋም ትሆናለች፤ የእሷ ልብ ግን፣ ቅጠሎቹ የሚገናኙበት ቦታ ማለቴ ነው፣ ውኃ ከነካው ይበሰብሳል።

ጓዳም ውስጥ ፈልጊ። ናና፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሣር፣ ስኳር ድንች፣ ሁሉም ውኃ ውስጥ ሥር ይሰዳሉ። ናናውን ለሻይ ከቀጠፍሽ አጥበሽ ተጠቀሚ፤ ዓሣው መድኃኒት የተጨመረለት ሰሞን ግን እንዳትነኪው። የጥብስ ቅጠልን፣ ሬትን፣ ጤና አዳምን ግን ተያቸው። ደረቅ መሬት የለመደ እግር ውኃ ውስጥ ይበሰብሳል።

ከወንዝ ዳር ቄጤማ ነቅለሽ እንዳታመጪብኝ ደግሞ። ለበዓል የሚጎዘጎዘው ሲያምር አይተሽ «ይህስ ውኃ ለምዷል» እንደምትይ አውቃለሁ። ልክ ነሽ፣ ውኃ ለምዷል፤ ግን በሥሩ አልቅትና ቀንድ አውጣ ይዞ ይመጣል። አልቅት ከብት ጉሮሮ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ከአያታችን ቤት አይተሻል። ጋፒ ለምትባለው ትንሽ ዓሣ ደግሞ አስቢው።

መርዙንም ልንገርሽ። ብርብራን ታውቂያለሽ? ፍሬውን ወቅጠው ውኃ ላይ ሲበትኑት ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ አጥማጆች ከጥንት የሚያውቁት ዘዴ ነው። ዛፍ ሁሉ ለዓሣ ወዳጅ አለመሆኑን በዚህ እወቂ። ቁልቋል፣ ቅጠሉ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ ማንኛውም ተክል፣ መንገድ ዳር ሮዝ አበባ የሚያወጣው ኦሊያንደር ገንዳሽ አጠገብ አይድረሱ። መኒ ፕላንቷና ፒስ ሊሊዋም ቢሆኑ ለአፍ አይደሉም፤ ፈሳሻቸው ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ፣ ያኘካቸውን ሰው ምላስና ጉሮሮ ያቃጥላሉ። የእህታችን ልጅ ዳዴ ጀምሯል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚልከው፤ ሐረጉን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ምሪው። ስትቆርጪም እጅሽን ታጠቢ፣ የተቆረጠውን ጫፍ በቧንቧ አለቅልቂውና አድርቂው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖር ጊዜ አራት ጋፒዎች ነበሩኝ። አንድ ቀን ከማሰሮ አንድ ለምለም ተክል ነቀልኩ፤ አፈሩን በእጄ ጠረግ ጠረግ አድርጌ፣ ሥሩን አንዴ ውኃ አስነክቼ ገንዳው ውስጥ ተከልኩት። ማታ አምሮ ነበር፤ መብራቱን አጥፍቼ እንኳ ባትሪ አብርቼ አየሁት። ጠዋት ስነሳ ዓሣዎቹ በሙሉ ውኃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ያደርጋሉ። እኔ «ራባቸው» ብዬ ምግብ ጨመርኩ! እስከ ቀትር ሦስቱ ሞቱ። ለካ ያ አፈር ማዳበሪያና ፍግ የጠገበ ነበር፤ በአንድ ሌሊት ውኃውን መረዘው። እኔ ደግሞ በምግብ ላይ ምግብ ጨመርኩበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ የለቀምኩት የሞቱ ዓሣዎች ነው።

ስለዚህ ከአፈር የወጣ ተክል አትጀምሪ፤ ቁራጭ ጀምሪ። ነይ እዚህ፣ ይቺን ሐረግ ተመልከቺ። ቅጠሉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ አንጓ አለ፤ አንጓው ሥር ይቺ ቡናማ ኪንታሮት የምትመስል አለች፣ ዳሰሻት? ሥር የሚወጣው ከእሷ ነው። አንጓ የሌለውን ቅጠል ብቻውን ውኃ ውስጥ ብትነክሪው ለዓመት ያምርብሽ ይሆናል እንጂ ሐረግ አይሆንም። ከአንጓው በታች አንድ ጣት ያህል ትተሽ በሹል መቀስ ቁረጪ። ታችኛውን ቅጠል አንሺ። ከዚያ ገንዳው ውስጥ ሳይሆን በብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አቁሚው። በአንድ ሁለት ሳምንት ነጭ ሥር ብቅ ይላል፤ ሦስት አራት ጣት ሲረዝም ወደ ገንዳው ይዛወራል። የብርጭቆውን ውኃ በየሦስት ቀኑ ለውጪ፤ አለዚያ የትንኝ ቤት ይሆንብሻል። በውኃ ውስጥ የተወለደ ሥር ከአፈሩ ሥር ይለያል፤ የአፈሩ ሥር ውኃ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ይበሰብሳል፣ ይሄ ግን ከልጅነቱ ለምዶታል። ግድ ከአፈር ማውጣት ካለብሽ ሥሩን ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቢ፣ ሁለት ሳምንት በባልዲ አቆዪ፣ የጠቆረውን ቆርጠሽ ጣይ፣ ከዚያ ብቻ።

አይ፣ ቁራጩን ገንዳው ላይ ለማቆም ማግኔት ያለው ቆንጆ ማስቀመጫ ከአዲስ አበባ ማስመጣት አያስፈልግሽም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ያን ባዶ ሃይላንድ አቀብዪኝ። ከአንገቱ በታች በዚህ በኩል እንቆርጠዋለን፤ ታችኛው ክፍል ኩባያ ይሆናል። ሚስማር ምድጃው ላይ አግዪና ቂጡንና ጎኑን ብሱት፤ ሃያ ሠላሳ ቀዳዳ፣ ሥሩ የሚወጣበት። ሽታውን እንዳትስቢ መስኮቱን ክፈቺ። ከአፉ በታች ሁለት ቀዳዳ ትይዩ ብሺና ሽቦ አሳልፈሽ እንደ መንጠቆ እጠፊው፤ ሽቦው ገንዳው ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል። ሽቦው ግን ፕላስቲክ የለበሰ ይሁን፣ ውኃውም አይንካው፤ የመዳብ ዝገት ለዓሣ መርዝ ነው። ኩባያው ውስጥ የታጠበ ጠጠር አድርጊና ቁራጩን አቁሚበት። አንድ ሦስተኛው ውኃ ውስጥ፣ ቀሪው ውጭ። አየሽ? የሳሙና ዋጋ እንኳ አልወጣበትም።

ጠጠሩንም ከየትም አታንሺ። ከወንዝ ያመጣሽውን አፍልተሽ እጠቢ። ጥርጣሬ ካለሽ ድንጋዩ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ተይው፣ ውኃውን ያከብደዋል። በአሮጌ ግንብ አካባቢ የወደቀ ድንጋይማ ጭራሽ አታስቢው። አንደኛ ቅርስ ነው፤ ሁለተኛ ነገሥታቱ በኖራ ነው የገነቡት።

አሁን ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ። ዓሣ ከበላው የሚተርፈውን ቆሻሻ በብዛት የሚያወጣው በሚተነፍስበት በኩል ነው። አሞኒያ ያወጣል። ያ በረት ስትገቢ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ አሞኒያ ነው፤ ዓሣ በዚያ ውስጥ ተዘግቶበት መኖር አይችልም። ውኃው ውስጥ፣ በተለይ ውኃውን በሚያጣራው የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ፣ ደግ ባክቴሪያዎች ይሰፍራሉ። እነ ናይትሮሶሞናስ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ ይህም መርዝ ነው። እነ ናይትሮስፒራ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፣ ይህ ይሻላል፣ ግን ሲጠራቀም ይጎዳል። ናይትሬት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ማዳበሪያ ነው! የደንቢያ ገበሬ ተሰልፎ በብር የሚገዛውን ዓሣሽ በነጻ ያመርታል። ሐረግሽ ሥሯን ዘርግታ አሞኒያውንም ናይትሬቱንም ትስባለች፤ እሷ ትፋፋለች፣ ውኃው ይጠራል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን ዛሬ ገንዳ ገዝተሽ ዛሬ አይሰፍሩም። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ውኃውን ሙይ፣ ተክሉን አቁሚ፣ ፊልተሩን አስነሺ፣ ዓሣውን ግን ይህ ጊዜ ሳያልፍ አታስፍሪ። ስታስፍሪም ሁለት ሁለት እያልሽ። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አትጠቢ፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጅብሻል። ከገንዳው በቀዳሽው ውኃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገሽ መልሺው።

ይህ የመተጋገዝ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1850 አካባቢ፣ የቋራው ካሳ ገና ቴዎድሮስ ተብለው ሳይነግሡ፣ ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል የለንደን ኬሚስት ሁለት ወርቃማ ዓሣዎችን ከአንድ የውኃ ተክል ጋር በመስታወት ዕቃ አኖረ። መጀመሪያ የሞቱት ቅጠሎች እየበሰበሱ ውኃውን አበላሹበት፤ ቀንድ አውጣ ጨምሮ ብስባሹን ሲያስበላ ነው ነገሩ የተስተካከለለት። ከእሱ የምትወስጂው አንድ ነገር፣ ቢጫ ቅጠል ውኃው ላይ ሲወድቅ ያንኑ ቀን አንሺው። ነገ እንዳትይ።

ስለ ተክል ሲወራ የምትሰሚያቸው ሁለት ውሸቶች አሉ። አንደኛው «ተክል ካለ ዓሣው አየር አያጣም» የሚለው ነው። ቅጠሉ ውጭ ነው፣ ኦክስጅኑንም የሚሰጠው ለሳሎኑ ነው፣ ለዓሣው አይደለም። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ፊልተሩ ከቆመ በተክሉ ተማምነሽ አትተኚ። በኩባያ ውኃውን ቀድተሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍሺበት፣ ሃያ ጊዜ ያህል፣ በየሰዓቱ። ምግብም አትስጪ። ሁለተኛው ውሸት «ተክል ካለ ውኃ አይለወጥም» የሚለው ነው። ይቀንስልሻል እንጂ አይቀርልሽም። ሐረጓ የምትፈልገውን ትወስዳለች፣ የማትፈልገው ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል።

«ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ማን ለዓሣ ውኃ ይለውጣል?» ትይኝ ይሆናል። ስሌቱን እንሥራው። ገንዳሽ 60 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲሞላ 54 ሊትር ይይዛል። በሳምንት ሩቡን ብትለውጪ 13 ሊትር ተኩል ነው፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን እንኳ አይሞላም። እሱም አይባክንም፤ ከገንዳው የወጣውን በማሰሮ ላለው አበባ አጠጪው፣ ከዚያ የተሻለ ማዳበሪያ የለም። ቧንቧው የመጣ ቀን አንድ ባልዲ ለይተሽ ያዢ፣ አፉን ክፍት አድርገሽ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት አቆዪው፣ ሁለት ቀን ከሆነ ይሻላል፤ ክሎሪኑ ይተናል። ክረምት ውኃው ደፍርሶ ሲመጣ እስኪጠልል ጠብቂና ከላይ ከላዩ ቅጂ። ዓሣው ያለበትን ውኃ ሙቀት በእጅሽ ዳሰሽ አዲሱን አመሳስይ፤ በታኅሣሥ ጠዋት የጎንደርን ቧንቧ ውኃ እንዲሁ ብትደፊበት አንቺም ብትሆኚ ትጮኺያለሽ።

54 ሊትር ማለት ደግሞ 54 ኪሎ ነው፤ ከግማሽ ኩንታል ጤፍ በላይ፣ መስታወቱና ጠጠሩ ሳይቆጠር። ያቺ እግሯ የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ግማሽ ኩንታል ትችላለች? አትችልም። ወደዚያ ወደ ግድግዳው፣ ብረቱ መቆሚያ ላይ። የኤሌክትሪክ ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከታች እንዲንጠባጠብ እንጂ ሶኬት እንዳይገባ። እጅሽን ገንዳው ውስጥ ከመክተትሽ በፊት ሁሉንም ንቀዪ። ይቺን አንዴ ብትረሺ እኔ አልቆጣሽም፣ አለቅስልሻለሁ እንጂ።

ለሐረጓ የመስኮት አጠገብ ብርሃን ይበቃታል፤ ቀጥታ ፀሐይ ግን ገንዳው ላይ አይውደቅ። ፀሐይና ናይትሬት ሲገናኙ አልጌ የሚሉት አረንጓዴ ዝልግልግ መስታወቱን ይወርሳል። የምሥራቁ መስኮት መጋረጃውን ከጋረድሽው ጥሩ ነው። በክረምት ደመና ሲሆን ሐረጓ እድገቷን ትቀንሳለች፣ ስለዚህ የምትበላውም ይቀንሳል፤ አንቺም የዓሣውን ምግብ ቀንሺ። በማንኛውም ወቅት ቢሆን በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ስጪ። የእንጀራ ፍርፋሪና ዳቦ አትወርውሪ። እማዬ ስታልፍ «ተርበዋል» ብላ እንደምትጨምር አውቃለሁ፤ እሷን ለእኔ ተይልኝ።

ስለ ብርድ። ጋፒ የሙቅ አገር ዓሣ ናት፣ ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ትደክማለች። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ታውቂዋለሽ። ውኃ የሚያሞቅ ትንሽ ሂተር ይኑርሽ፤ መብራት ከሄደ ገንዳውን በአሮጌ ጋቢ አልብሺው፣ ሙቀቱን ይይዛል። አትሳቂ፣ እኔ አድርጌዋለሁ። ወርቃማ ዓሣ ብርድ ይችላል፤ ደባርቅ ያለችው አክስታችን ከጠየቀችሽ እሱን ምከሪያት። ግን ይተልቃል፣ ውኃውን ያቆሽሻል፣ የተክሉንም ሥር ሲነክስ ይውላል፤ ለዚህ ገንዳ አይሆንም። ጋፒ ስትገዢ ደግሞ ወንድ ብቻ ግዢ። ሴቷ በወር በወሩ ትወልዳለች፤ በስድስት ወር ዓሣ የማትሰጪው ጎረቤት አታገኚም።

ምልክቶቹን ማንበብ ልመጂ። አሮጌው ቅጠል ብቻ ቢጫ ከሆነ ዕድሜ ነው፣ ቁረጪው። አዲሱ ቅጠል ገርጥቶ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አንሷታል፤ የዓሣ ውኃ ናይትሮጅን እንጂ ብረትና ፖታሲየም አይተርፈውም። የአበባ ማዳበሪያ ግን ገንዳው ውስጥ እንዳትጨምሪ፣ የእኔን ታሪክ ሰምተሻል። ይልቅ በየሁለት ወሩ ሐረጓን አፈር ወዳለው ማሰሮ አዛውሪና በብርጭቆ ሥር ባወጣ አዲስ ቁራጭ ተኪያት፤ ያቺ ታርፋለች፣ ይቺ ትገባለች። ሥሩ ነጭ ከሆነ ደህና ነው፤ ጠቁሮ ከተልፈሰፈሰና ከሸተተ ቆርጠሽ አውጪ። ሥሩ በዝቶ የፊልተሩን አፍ ከዘጋ ሲሶውን ቁረጪ፣ ከዚያ አትለፊ። የውኃውን ልክ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጊ፤ ሐረጓ በቅጠሏ ብዙ ውኃ ታተናለች፣ መጉደሉን ቶሎ ታውቂያለሽ። የጎደለውን መሙላት መለወጥ እንዳልሆነም አትርሺ።

የመጨረሻዋን እወቂልኝ፣ ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። የቆረጥሽውን ሥርና ሐረግ ወደ ቦይ አትጣይው። ቦዩ ወደ ቀሃ ወይ ወደ አንገረብ ይወርዳል፣ እነሱ ወደ መገጭ፣ መገጭ ወደ ጣና። እምቦጭ ምን ነበር? ሐምራዊ አበባ ያላት ቆንጆ የውኃ ተክል። ከደቡብ አሜሪካ ወጥታ በየአገሩ የተሰራጨችው በአብዛኛው ለውበቷ ሲባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሯ ታወቀ፤ ከዚያ የደንቢያ ሰው ወገቡ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ስንት ዓመት አየን። መኒ ፕላንቷም ሞቃት አገር ሜዳ ላይ ስትለቀቅ ደን የምትወርስ ናት። አበባዋ አምሯት እምቦጭን ለገንዳዬ ልውሰድ የምትል ጓደኛ ካለችሽ ደግሞ ወደ እኔ ላኪያት። ትርፉን አድርቀሽ አቃጥዪው፤ ወይም ጤነኛውን ቁራጭ በብርጭቆ አቁመሽ ለጎረቤት ስጪ። የአራዳ ሴቶች እርሾ እንደሚዋዋሱ ሁሉ፣ አንድ አንጓ ሐረግም ከቤት ቤት ይዙር።

ቡናው ፈላ፣ ሸተተሽ? በይ እጅሽን አድርቂና ያን ቀርከሃ መሳይ አቁሚው። ቀስ። እንደዚያ። ከዚያ… ቆይ፣ ታችኛው ቅጠል ውኃ ነክቷል። ሁለት ጣት ከፍ አድርጊው። ትንሽ ደግሞ። እሽ፣ አሁን ልቀቂው፣ ይቆማል።